ቀብዱን ማን ይይዘዋል? ለባለሀብት የሚታይ ረቂቅ ድረ ገጽ ሁለት ጊዜ የሠራንበት ታሪክ

ሽሮ ሜዳ የሀገር ልብስ ሱቅ ካላት አክስቴ ዘንድ በማደጌ፣ ውጭ ሀገር የሚኖሩ ዘመዶቻችን ለገና፣ ለጥምቀትና ለመልስ የሚለብሱትን ቀሚስ እንዴት እንደሚያሠሩ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። አንዷ ከዋሽንግተን ትደውላለች፤ አክስቴ የጥለቱን ፎቶግራፍ በቴሌግራም ትልካለች፤ ልኩ በድምፅ መልእክት ይነገራል፤ ገንዘቡ በዘመድ በኩል ይደርሳል፤ ልብሱም ወደዚያ የሚሄድ ሰው ሻንጣ እስኪገኝለት ድረስ ተጠቅልሎ ይቀመጣል። ይህን ሁሉ በአንድ ድረ ገጽ ማከናወን ይቻላል የሚል ሐሳብ ይዘን፣ ከአንዲት የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ ጋር ሥራ የጀመርነው በ2016 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ነበር። ከዚያ በኋላ በነበሩት 13 ወራት ውስጥ ለባለሀብቶች የሚታይ ረቂቅ ድረ ገጽ ሁለት ጊዜ አዘጋጅተናል። የመጀመሪያው ቁጠባችንን ጨርሶ አሳፈረን፤ ሁለተኛው የዚያን ሃያኛ ወጪ እንኳ ሳይጠይቅ ገንዘብ አስገኘልን። የምጽፈው በሁለቱ መካከል ስለሆነው ነገር ሲሆን፣ በተለይ የሚጠቅመው ሐሳብ ኖሮት ገና ገንዘብ ላላወጣ ሰው ይመስለኛል።

የመጀመሪያው ስሕተታችን ባለሀብት ገንዘቡን የሚሰጠው ያለቀ ነገር ሲያይ ነው ብለን ማመናችን ነበር። ስለዚህ በአፋችን ረቂቅ እያልን የምንጠራውን ነገር ሙሉ ድረ ገጽ አድርገን ለማሠራት ወሰንን፤ ይህንኑ ሥራ ለሚሠራ አንድ ድርጅትም 240,000 ብር ለመክፈል ተስማማን። ገንዘቡ የሁለታችን የአራት ዓመት ቁጠባ ነበር። በሁለት ወር ያልቃል የተባለው ሥራ አምስት ወር ፈጀ፤ በእነዚያ ወራት ስንከራከር የቆየነውም ስለ አዝራሮቹ ቀለም፣ በመግቢያው ገጽ ላይ የሚንሸራተቱት ፎቶግራፎች ስንት ሰከንድ መቆየት እንዳለባቸው፣ ደጋግማ ለምትገዛ ደንበኛ ስለሚሰጠው ነጥብ፣ እንዲሁም መልስ የሚሰጥበት ሰው ስላልተመደበለት የመወያያ ሳጥን ነበር። በመጨረሻ 14 ገጾች ነበሩን። ከ14ቱ ውስጥ ስለ ሸማኔው የሚናገር አንድም አልነበረም፤ ይህን ያስተዋልኩት ግን ሌላ ሰው ከነገረኝ በኋላ ነው።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። የድረ ገጹን አድራሻ፣ ማለትም ዶሜይኑን፣ ያስመዘገበልን ያው ድርጅት ሲሆን፣ የተመዘገበውም በእኛ ሳይሆን በእነርሱ ስም መሆኑን ያወቅነው ልንለያይ ስንል ነበር። ለማስመለስ ሰባት ሳምንት ፈጅቶብናል። ማንም ቢሠራላችሁ ዶሜይኑን በራሳችሁ ስምና በራሳችሁ ኢሜይል አስመዝግቡ፤ የዓመት ክፍያው ከሁሉም ወጪያችሁ ያነሰው ነው፤ ሲጠፋ የሚያስከፍለው ግን የድካማችሁን ሁሉ ዋጋ ነው።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ገጹ የተሠራው ከውጭ ከተገዛ ዝግጁ አብነት ላይ ስለነበር ብዙው ነገር እኛን አይመስልም ነበር። መመዝገቢያው ቅጽ ስምንና የቤተሰብ ስምን ለየብቻ ይጠይቃል፤ የአባት ስም ለሚጠራ ሰው የቤተሰብ ስም ምን እንደሆነ ማንም አልጠየቀም። ዚፕ ኮድ፣ ማለትም አሜሪካኖች የሚጠቀሙበት የፖስታ መለያ ቁጥር፣ ካልተሞላ ወደሚቀጥለው ገጽ አያሳልፍም። ከገጹ ግርጌ ቦታ ለመሙላት የገባ የላቲን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው ቀን ድረስ ተቀምጦ ነበር። ከዚህ ሁሉ የከፋው ግን እኛው በእጃችን የጨመርነው ነው። የራሳችን ፎቶግራፍ ስላልነበረን ከኢንተርኔት ቆንጆ ቆንጆውን ቀሚስ ለቅመን አስገባን፤ ያልነበሩ ደንበኞችን ምስጋና ጻፍን፤ በመግቢያው ገጽ ላይም በትልቁ «ከ2,000 በላይ ደንበኞች» የሚል ቁጥር አስቀመጥን። ጓደኛዬ ቅር ብሏት ነበር፤ ሁሉም ሰው እንዲህ ነው የሚያደርገው ብዬ ያባበልኳት እኔ ነኝ።

በሚያዝያ ወር 2016 ዓ.ም. ቦሌ አካባቢ በሚገኝ አንድ ቢሮ ውስጥ ሦስት ሰዎች ፊት ቀረብን። አንደኛው መርካቶ ውስጥ በጨርቃ ጨርቅ ንግድ ያረጁ አዛውንት ነበሩ፤ ሁለተኛዋ በአሜሪካ ለረጅም ዓመታት በሶፍትዌር ሥራ ቆይታ የተመለሰች ሴት፤ ሦስተኛው ብዙ የማይናገርና ማስታወሻ የሚይዝ ወጣት። እኔ የተዘጋጀሁት እየተናገርኩ ገጾቹን አንድ በአንድ ለማሳየት ነበር። ሴትየዋ ግን ገና ሦስተኛው ገጽ ላይ ሳለሁ ላፕቶፑን ወደ ራሷ አዞረችና «እስቲ እኔ ልዘዝ» አለች።

ስልኳን ስታስገባ ገጹ ቁጥሩ የተሳሳተ ነው አለ። ቁጥሯ በ07 የሚጀምር ነበር። ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም. አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ በ07 የሚጀምር ስልክ የያዘው ሰው ብዙ ነው፤ የእኛ ቅጽ ግን በ09 ከሚጀምር ቁጥር በቀር አይቀበልም። እሷም ፈገግ ብላ «ደንበኞቻችሁ አሜሪካ ናቸው አላላችሁም?» ስትል ነው የነገሩ ክብደት የገባኝ፤ ደንበኛ ይሆኑናል ካልናቸው ሰዎች የአንዳቸውም ስልክ በ09 ሊጀምር አይችልም። ቁጥሩን ትታ መፈለጊያው ሳጥን ውስጥ «ሠርግ» ብላ ጻፈች። ምንም አልተገኘም። እኛ ዕቃዎቹን የመዘገብነው በእሳቱ ሰ «ሰርግ» ብለን ነበር፤ ለአንባቢ ሁለቱ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒዩተር ግን ሠ እና ሰ የየራሳቸው መለያ ቁጥር ያላቸው ሁለት የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ከዚያ ወደ ፎቶግራፎቹ ሄደች፤ አንዱ ላይ ቆየችና ይህንኑ ቀሚስ፣ ይህችንው ለባሽ፣ ሜሪላንድ የሚገኝ የሌላ ሻጭ ገጽ ላይ እንዳየች ነገረችን። ላብ በጀርባዬ ሲወርድ ተሰማኝ። ከዚያ በኋላ 2,000 ደንበኞች የሚለውን ቁጥር ማንም አልጠየቀንም፤ ባይጠይቁንም መልሱን ያወቁት ይመስለኛል።

አዛውንቱ እስከዚያ ድረስ ዝም ብለው ነበር። ኋላ ግን መነጽራቸውን አውልቀው እንዲህ አሉኝ፦ «ስሚኝ ልጄ፣ የኔ ልጅ ካለችበት ሆና ካንቺ ዘንድ ቀሚስ አዘዘች እንበል። ሸማኔው ቀብድ ካልያዘ ድርና ማግ አይገዛም። ቀብዱን ከሰጠሽው ደግሞ ልብሱ በልኳ ባይመጣ ገንዘቡ ክር ሆኗል። ታዲያ ቀብዱን ማን ይይዘዋል?»

መልስ አልነበረኝም። 14 ገጾች፣ የሚንሸራተቱ ፎቶግራፎችና የነጥብ ሽልማት ነበሩኝ፤ ነገር ግን አክስቴ በየቀኑ የምትጨነቅበትን ይህን ጥያቄ የሚመልስ አንድ መስመር አልነበረኝም። በትሕትና አመስግነው ሸኙን።

ለሁለት ሳምንት ያህል ጥፋቱን ሁሉ በሠሪው ድርጅት ላይ ስንጭን ከረምን፤ የስልክ ቁጥሩና የፊደሉ ጉዳይ በእርግጥም የእነርሱ ስንፍና ነበር። እነዚህ ሁለቱ በግማሽ ቀን የሚታረሙ ነገሮች ስለሆኑ ለእናንተም ልንገራችሁ። ስልክን በተመለከተ የሀገር ኮድ የሚመረጥበት ቦታ አስቀምጡ፤ የሀገር ውስጡንም በ09 እና በ07 ተቀበሉ። ፊደልን በተመለከተ ደግሞ ሀ፣ ሐ እና ኀን፣ ሰ እና ሠን፣ አ እና ዐን፣ ጸ እና ፀን ከነርቢያቸው ወደ አንድ ቅርጽ የሚመልስ አጭር ትእዛዝ አጽፉ፤ የሚሠራውም በተመዘገበው ቃልም ፈላጊው በሚጽፈው ቃልም ላይ መሆን አለበት። ለአንባቢ የሚታየው ጽሑፍ እንደተጻፈ ይቆያል፤ አንድ የሚሆነው ፍለጋው ብቻ ነው። በአማርኛ የሚሠራ ማንኛውም ረቂቅ ሌላው ቢቀር ይህን አሟልቶ መቅረብ አለበት፤ ምክንያቱም ገጹን የሚሞክር ሰው ምን ፊደል እንደሚመርጥ አታውቁም።

የቀብዱ ጥያቄ ግን የማንም ሠሪ ጥፋት አልነበረም። ስለዚህ ከግንቦት ወር አጋማሽ ጀምሮ አክስቴ ሱቅ ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጬ የሚመጣውንና የሚሄደውን ማየት ጀመርኩ። ያደግኩበት ቤት ስለሆነ ሁሉን አውቃለሁ ብዬ ነበር፤ አላውቅም። ከጋሞ ደጋ የመጡት ሸማኔዎች ከባለ ሱቆቹ ጋር የሚሠሩት በአመኔታ መሆኑን፣ በዓል ሲቃረብ አንድ ሸማኔ የሦስት ሱቅ ትእዛዝ ተቀብሎ አንዱን ማዘግየቱ የተለመደ መሆኑን፣ ልብሱን የሚሠራው ሸማኔ፣ ጥልፉን የሚጠልፈውና የሚሰፋው ሰፊ ሦስት የተለያዩ ሰዎች በመሆናቸው ልክ ሲሳሳት ጥፋቱ ከአንዱ ወደ አንዱ እየተገፋ ባለቤት እንደሚያጣ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ደብተር ይዤ የሚያጣሉትን ነገሮች ሁሉ ጻፍኩ። ሲጠቃለሉ ሦስት ነበሩ፤ ቀብድ፣ ልክ እና ቀን። ድረ ገጻችን እነዚህን ሦስቱን ካልፈታ፣ የቀረው ሁሉ ቢያምርም ከቴሌግራም የሚበልጥበት ምክንያት የለውም።

ረቂቅ ለምን እንደሚሠራ የገባኝ በዚህ ጊዜ ነው። ረቂቁ የሚሠራው ሥራው ሊፈርስ የሚችልበትን ቦታ ለይቶ እዚያ ላይ ምን እንዳሰባችሁ ለማሳየት ነው። በዚያው ሰሞን ዛፖስ ስለተባለው የጫማ ሻጭ ኩባንያ ያነበብኩት ነገር ደግሞ ድፍረት ሰጠኝ። በ1999 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ጫማ በኢንተርኔት ለመሸጥ የተነሣው መሥራቹ መጋዘን አልነበረውም፤ በአካባቢው ካሉ ሱቆች ጫማዎቹን ፎቶግራፍ አንሥቶ ገጹ ላይ ለጠፈ፤ ሰው ሲያዝ ሄዶ በሱቁ ዋጋ ገዝቶ ላከ። ትርፍ አላገኘበትም፤ ሰው ሳይለካው ጫማ በኢንተርኔት ይገዛል ወይ የሚለውን ጥያቄ ግን መለሰበት። እኛ 240,000 ብር አውጥተን አንድም ጥያቄ አልመለስንም ነበር።

ሁለተኛውን ረቂቅ የጀመርነው በተማሪ ደብተር ነው። እያንዳንዱን ቅጠል እንደ አንድ የስልክ ገጽ ቆጥረን በእርሳስ ሣልንበት፤ ከዚያም ለአምስት ሴቶች አሳየን፤ ሦስቱ ለክረምት ከውጭ የመጡ፣ ሁለቱ ለእኅቶቻቸው የሚያሠሩ ነበሩ። አምስት ሰው ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ሰዎች ድረ ገጽን እንዴት እንደሚጠቀሙ በማጥናት የታወቀው ያኮብ ኒልሰን በ2000 እ.ኤ.አ. በጻፈው መሠረት አብዛኛውን የአጠቃቀም ችግር ለማግኘት አምስት ሰው ይበቃል፤ እኛም ከአራተኛዋ በኋላ አዲስ ነገር አልሰማንም። ከሴቶቹ አንዷ የተሣለውን አዝራር በጣቷ ስትነካ ጓደኛዬ ቅጠሉን ትገልጣለች፤ እኔ ዝም ብዬ እጽፋለሁ። ዝም ማለቱ ከሁሉም ከባዱ ነበር። ከእንግሊዝኛው ተተርጉሞ «ወደ ጋሪ ጨምር» የሚለውን አዝራር ስታይ አንዷ «ፈረሱስ የታል?» ብላ ሳቀች፤ በዚያው ቀን «ይታዘዝልኝ» ብለን ቀየርነው። ሌላዋ ርዝመት የሚለውን ከአንገት ወይስ ከትከሻ፣ በጫማ ወይስ ያለ ጫማ እንደሚለካ ጠየቀችን፤ የአክስቴም መልስና የሰፊው መልስ የተለያየ ሆኖ ተገኘ። ይህን ሁሉ ያገኘነው በአንድ ደብተርና በጥቂት ሲኒ ቡና ወጪ ነው።

ከደብተሩ በኋላ ብቻ ነው ወደ ፊግማ የሄድነው። ፊግማ ገጾችን ሥሎ አንዱን ከአንዱ በማገናኘት፣ ምንም ፕሮግራም ሳይጻፍ በስልክ ላይ እየተነካ የሚሄድ ረቂቅ ለመሥራት ያስችላል፤ ለእኛ የሚበቃንን ያህል ያለ ክፍያ ተጠቅመንበታል። ዲዛይነር አልቀጠርንም፤ ጓደኛዬ በሦስት ሳምንት ለመደችው። ገጾቹን ከ14 ወደ 6 አወረድናቸው። ጥለት መምረጫ፣ ልክ ማስገቢያ፣ ቀብድ መክፈያ፣ ሥራው የደረሰበትን ማሳያ፣ መረከቢያ፣ እና ልብሱ ልክ ካልሆነ የሚከፈተው ገጽ ናቸው። የመግቢያ ገጽ እንኳ አልነበረውም። ፎቶግራፎቹን ያነሣነው በስልክ፣ ጠዋት በሱቁ በር በሚገባው ብርሃን ነው፤ ሸማኔዎቹንም አስፈቅደን። በኢንተርኔት ከለቀምናቸው ያነሱ ያማሩ ቢሆኑም የእኛ ነበሩ።

በጎን ደግሞ ረቂቁ የሚያሳየውን ነገር ሁሉ በእጃችን እንሠራ ነበር። በቴሌግራም ትእዛዝ ተቀብለን፣ ልኩን በስልክ አስለክተን፣ ሥራው የደረሰበትን ፎቶግራፍ በየአራት ቀኑ እየላክን በአራት ወር ውስጥ 9 ቀሚሶች አሠራን። ሰባቱ ደህና ደረሱ። አንዱ ዘገየ። አንዱ ደግሞ አራት ጣት አጠረ፤ ደንበኛዋ የለካችው በባዶ እግሯ ሲሆን ልትለብሰው ያሰበችው ግን በረጅም ተረከዝ ጫማ ነበር። ኪሳራውን ከኪሳችን ከፈልን። ያን ዕለት አልቅሻለሁ፤ ነገር ግን ልክ ማስገቢያው ገጽ ላይ «የሚለበሰውን ጫማ አድርገው ይለኩ» የሚለው መስመር የመጣው ከዚያ ቀሚስ ነው፤ ባለሀብቶቹ ፊትም ከሰባቱ ይልቅ ብዙ ያነጋገረን እርሱ ሆነ።

ቀብዱን በተመለከተ ከአክስቴና ከሁለት ሸማኔዎች ጋር ተነጋግረን የደረስንበት አሠራር ይህ ነው። ደንበኛዋ ስታዝ ሙሉውን ትከፍላለች፤ ለክር የሚበቃው ሲሶ ወዲያው ለሸማኔው ይሰጣል፤ ሁለተኛው ሲሶ ያለቀው ልብስ ሜትር ተዘርግቶበት ፎቶግራፍ ሲነሣ ይለቀቃል፤ የመጨረሻው ደንበኛዋ ከተረከበች በኋላ ነው። ሜትሩ ያለበት ፎቶግራፍ የአክስቴ ሐሳብ ነበር፤ ልክ ሲሳሳት ጥፋቱ የማን እንደሆነ ያለ ጭቅጭቅ ይለያል። እዚህ ላይ አንድ ሕግ አዋቂ ያስጠነቀቀንን ላካፍላችሁ፤ የሰው ገንዘብ ይዞ ለሌላ ማስተላለፍ የብሔራዊ ባንክን ፈቃድ ሊጠይቅ ስለሚችል፣ ገንዘቡ የሚቆየው በእናንተ ሒሳብ ነው ብላችሁ ረቂቃችሁ ላይ ከመሣላችሁ በፊት ጠይቁ። እኛ ፈቃድ ካለው የክፍያ ድርጅት ጋር እንሠራለን ብለን አስተካከልን። በመጀመሪያው ረቂቅ ላይ እኮ በኢትዮጵያ ለተቋቋመ ድርጅት ሒሳብ የማይከፍት የውጭ የክፍያ ኩባንያ ምልክት ለጥፈን ነበር! ማንም ስላላየው ብቻ ተረፍን።

ዋጋንና ቀንን በአጭሩ ልለፋቸው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር በ57 ብር ገደማ ሒሳብ ጽፈናቸው የነበሩት ዋጋዎች በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ትርጉም አጡ፤ በሁለተኛው ረቂቅ ዋጋውን በብር ብቻ አድርገን የዕለቱ ምንዛሪ ከጎን እንዲታይ አደረግን። ቀንን ደግሞ በሁለቱም አቆጣጠር አሳየን። ሸማኔው «ታኅሣሥ 20» ሲል ደንበኛዋ ዲሴምበር 20 ብላ ከሰማችው የዘጠኝ ቀን ልዩነት አለ፤ ለገና የታዘዘ ቀሚስ ላይ ዘጠኝ ቀን ብዙ ነው።

አሁን ወደ ጥቅምት 2017 ዓ.ም. ልምጣ፤ ወደ ሁለተኛው ቀን። እንድንመለስ የፈቀዱልን አዛውንቱ ናቸው፤ «መልሱን ካገኘሽ ደውዪ» ብለውኝ ስለነበር የደወልኩት ያንኑ ልነግራቸው ነው። ከመሄዳችን በፊት ያደረግናቸውን ዝግጅቶች ዘርዘር አድርጌ የምናገረው አብዛኛው ሰው የሚወድቀው እዚህ ስለሆነ ነው። ረቂቁን በስልክም በላፕቶፕም አስገባን። ኢንተርኔት ቢቋረጥ በሚል ገጾቹን እንደ ምስል አስቀመጥናቸው፤ ሙሉ ትእዛዝ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሲካሄድ የሚያሳይ የሁለት ደቂቃ ቪዲዮም ቀረጽን። ባትሪ ሞላን፤ የሁለት ኩባንያ ሲም ያለው ስልክ ያዝን፤ የፕሮጀክተሩን ገመድ ዓይነት ቀደም ብለን ደውለን ጠየቅን። ጓደኛዬ በዋዜማው ምሽት ማሳያው ላይ ያለው የትእዛዝ ዝርዝር የእውነተኛ ደንበኞቻችንን ስም፣ ስልክና የሰውነት ልክ እንደያዘ አስተዋለች፤ ሁሉንም በሐሰተኛ ስም ተካነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ባይኖር እንኳ የሴቶችን የወገብ ልክ ለማያውቋቸው ሰዎች ማሳየት ነውር ነው። በመጀመሪያው ጊዜ ይዘነው ሄደን የነበረውን የምስጢር መጠበቂያ ፊርማ ወረቀት ግን ቤት ተውነው፤ ያን ጊዜ ሦስቱም አይተው ፈገግ ብለው ነበር ያለፉት።

እንደፈራነውም መብራት ጠፋ። ፕሮጀክተሩ ሲቆም እኔ ስልኬን አውጥቼ ለሴትየዋ ሰጠኋትና ከመንካቷ በፊት አንድ ዓረፍተ ነገር ተናገርኩ፦ «ይህ ረቂቅ ነው፤ ከጀርባው የሚሠራ ፕሮግራም የለም፤ እስካሁን ያሠራናቸው ቀሚሶች 9 ናቸው፤ ሁለቱ ተበላሽተውብናል።» ከዚያ ዝም አልኩ። እንዲህ ማለት ያዳክመናል ብለን ፈርተን ነበር፤ የሆነው ግን የተገላቢጦሽ ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ ሁለቱ የተበላሹ ቀሚሶች ሆነና ግማሽ ሰዓት ያህል ስለ ልክ፣ ስለ ሰፊዎችና ስለ በዓል ሰሞን ተጨዋወትን። እንደምትፈተኑ ሳይሆን እንደሚመክሩላችሁ ሲሰማችሁ ነገሩ ወደ መልካም እየሄደ እንደሆነ እወቁ። ሴትየዋ በ07 የሚጀምር ስልኳን ይቀበል እንደሆነ ጠየቀች፤ እንደሚቀበል ሆኖ መሣሉን አሳየኋት። «ሠርግ» ብላም ልትጽፍ ሞከረች፤ ሆን ብላ መሆኑን ከዓይኗ አውቄያለሁ። ፊግማ የገጹን መልክ ያሳያል እንጂ የተጻፈ ቃል አይፈልግም፤ ስለዚህ በረቂቁ ላይ መፈለጊያው እንደማይሠራ ነግሬያት፣ ጓደኛዬ ለብቻው የሠራችውን ትንሽ መፈለጊያ በላፕቶፑ ከፈትኩላት። በሁለቱም ፊደል ያው ስድስት ቀሚስ ወጣ።

አዛውንቱ ስልኩን ተቀብለው በቀስታ ከመጀመሪያው ገጽ ጀመሩ። ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ሲሶው የት እንደሚሄድ፣ ማን እንደሚለቅቀው፣ ሸማኔው ክሩን ገዝቶ ቢታመም ምን እንደሚሆን ጠየቁኝ። ለመጨረሻው መልስ አልነበረንም፤ የለንም አልኩ። ማስታወሻ የሚይዘው ወጣት በዚያ ቀን በእኛ ላይ ገንዘብ ለማውጣት እንደማይፈልግ በግልጽ ተናገረ፤ ገበያው ትንሽ ነው አለ፤ ምክንያቱን በማስረዳቱ እስከዛሬ አመሰግነዋለሁ። ሁለቱ ግን ቀጠሉ። 3 ሚሊዮን ብር ጠይቀን 600,000 ብር አገኘን፤ እርሱም በሁለት ጊዜ የሚለቀቅ ሆኖ፣ ሁለተኛው ግማሽ 40 ቀሚስ በትክክል ካደረስን በኋላ ነው። ልክ እንደ ሸማኔው ቀብድ!

አንድ ያላሰብነው ነገር ውሉ ሲፈረም ገጠመን፤ እናንተም እንዳይገጥማችሁ ልጨርስ። ባለሀብቶቹ የረቂቁን ስድስት ገጾች አትመው የውሉ አባሪ አደረጓቸው። በስልክ ላይ ሐሳብ የነበረው ነገር ወረቀት ላይ ሲታተም የገባነው ቃል ሊሆን ነው። ሕግ አዋቂው ይህን አይቶ፣ ከመፈረማችን በፊት በእያንዳንዱ ገጽ አናት ላይ በእጃችን እንድንጽፍ አደረገን፦ አሁን ያለ፣ በእጅ የሚሠራ፣ ወይም የታሰበ እያልን። ይህን ረቂቁን ገና ስትሥሉ ብታደርጉት ይሻላል፤ ዛሬ በእኛ ፊግማ ላይ እያንዳንዱ ገጽ ከእነዚህ ከሦስቱ አንዱ በጥግ ተጽፎበት ነው የሚኖረው። አምስቱን ገጾች ያለ ክርክር ተስማማንባቸው። ስድስተኛው፣ ልብሱ ልክ ካልሆነ የሚከፈተው ገጽ ላይ፣ እኔ «የታሰበ» ብዬ ጽፌ ነበር፤ አዛውንቱ እስክሪብቶውን ተቀብለውኝ ቃሉን ሰረዙና ከጎኑ «እስከ ፋሲካ» ብለው ጻፉበት።